ሰኞ ማታ አቡጀዲው ሲሰቀል

(ለወጣት ፊልም ሰሪዎች በተዘጋጀ ውይይት ላይ ያወራሁት ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ነው የገለበጥኩት፣ ብዙም አልነካካሁትም።)

እሺ፣ ሰላም ለሁላችሁም። እስቲ በጥያቄ ልጀምር። እዚ ካላችሁት ውስጥ ፊልም ሰርቶ ውጭ ሀገር ፌስቲቫል የላከ ማነው? እጅ አውጡ። በዛ ትላላችሁ፣ ደስ ይላል። አሁን ደግሞ ያንኑ ፊልም የተቀረጸበት ሰፈር ወስዶ ያሳየ? ሁለት ሰው፣ በሩ ጋር ያላችሁት። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ልዩነት ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ፊልም መላክ ቀላል ነው፣ ሊንክ ትለጥፋለህ በቃ፣ ሰፈር ወስዶ ማሳየት ግን ቦታ ይፈልጋል፣ ወንበር ይፈልጋል፣ ከዛ ሁሉ በላይ ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ እዛው ቁጭ ብሎ መስማት ይፈልጋል።

እኔ የምኖረው ጀሞ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ጀሞን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመሃል ከተማ ራቅ ያለ ነው፣ ሲኒማ ቤት ልግባ ካልክ ታክሲ ተሰልፈህ ሜክሲኮ ትወርዳለህ፣ ከዛ ሌላ ታክሲ ትይዛለህ፣ ፊልሙ ማታ ሲያልቅ ደግሞ የመመለሻ ታክሲ የለም። ቤተሰብ ይዘህ ከሆነ እኮ ከትኬቱ የትራንስፖርቱ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ማታ ማታ የሚሰባሰብበት ቦታ ምንድነው ካልን፣ እውነቱን እናውራ፣ ግሮሰሪ ነው፣ ድራፍት ቤት ነው። ፈረንጆቹ ፐብ የሚሉት ማለት ነው። እንግሊዝ ሀገር ፐብ ፎቅ ላይ የፊልም ክበብ ማድረግ የቆየ ነገር ነው፣ እኔ ግን ሀሳቡን ከነሱ አልወሰድኩትም፣ ከኳስ ነው የወሰድኩት። ቅዳሜና እሁድ ድራፍት ቤት ገብታችሁ እዩ፣ ስልሳ ሰባ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ፣ አንድ ነገር እያየ፣ አብሮ እየጮኸ፣ አብሮ ዝም እያለ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ ዳኛውን እየተነተነ። ስክሪኑ አለ፣ ሰው አለ፣ ከታየ በኋላ የሚደረገው ወሬ ራሱ አለ። የጎደለው ፊልሙ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዛ ባለቤቱን ሄጄ አናገርኳቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ፊልም እናሳይ፣ ነፃ ይሁን፣ ፊልሙን የሰራው ልጅም ይምጣና ሰው ይጠይቀው አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "መቼ?" አሉኝ። ቅዳሜ አልኩ። ያ የኔ ትልቁ ስህተት ነበር። ቅዳሜ ማታ ፊልሙ ገና አስር ደቂቃ ሳይሞላው ሰዎች እየተነሱ ኳሱን አምጡልን አሉ፣ እውነትም ቤቱ በዛ ሰዓት የኳስ ቤት ነው፣ እኛ ነን የሰው ቦታ የገባነው። ፊልሙን የሰራው ልጅ ላፕቶፑን ዘግቶ ሲወጣ ያየሁት ፊት እስካሁን አይረሳኝም፣ ይቅርታ ጠይቄው በሚቀጥለው ወር ድጋሚ እንዲመጣ ለመንኩት፣ መጣ፣ እግዜር ይስጠው።

ከዛ በኋላ ሳምንቱን ቁጭ ብለን ከጋሼ ጋር አየነው። ቅዳሜና እሁድ ፕሪሚየር ሊግ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ቻምፒዮንስ ሊግ፣ ሐሙስም አንዳንዴ አለ፣ አርብ ሰው ደሞዝ ከተቀበለ ሙዚቃ ነው የሚፈልገው። ሰኞ ግን ቤቱ ጭር ይላል። አልፎ አልፎ አንድ ጨዋታ ሊኖር ይችላል፣ እሱን ቀድመን እናያለን፣ ካለ እንተወዋለን። እንደዛ ሆኖ ሰኞ ሆነ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው መመለሻ አያገኝም። ይሄ ለጋሼም ጥቅም ነው፣ በባዶ ቀን ሰው ገባላቸው። ቦታ ለመጠየቅ የምትሄዱ ሰዎች ይሄን ያዙልኝ፣ ባለቤቱን ለኪነጥበብ ሲሉ ይተባበሩን አትበሏቸው፣ የትኛው ቀን ነው ባዶ የሚሆንቦት ብላችሁ ጠይቋቸው።

እዚ ላይ "ነፃ" የሚለው ቃል ያመጣብንን ልንገራችሁ። እኛ ነፃ ሲባል ሰው የሚመጣ መስሎን ነበር፣ ሰው ግን ነፃ ሲባል ይጠራጠራል። "ምን ሊሰብኩን ነው?" ነው የሚለው። ኤንጂኦ ነው? ፓርቲ ነው? ሃይማኖት ነው? መጀመሪያ ቀን በር ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አስቀምጬ ነበር፣ ለማስታወስ ያህል፣ አንድ ሰውዬ ፈርመው ሲያበቁ አበሉ መቼ እንደሚሰጥ ጠየቁኝ። በቁም ነገር ነው የጠየቁት፣ ልክም ናቸው፣ እኛ ሀገር ስብሰባ ገብተህ ከፈረምክ አበል አለው። ከዛ ቀን ጀምሮ ወረቀት የለም፣ ባነር የለም፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የለም፣ ለወረዳው በደብዳቤ እናሳውቃለን፣ ለሰው ደግሞ በር ላይ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ "ሰኞ ፊልም አለ፣ የሰራችው ልጅ ትመጣለች" ብለን እንጽፋለን። በቃ። ሳጥን ግን አለች፣ የፈለገ የሚከትባት፣ የገባው ሙሉ በሙሉ ለፊልም ሰሪው ነው የሚሰጠው፣ እዛው ሰው ፊት ተቆጥሮ። አዝማሪ ቤት ሽልማት ግንባር ላይ ይለጠፋል አይደል፣ እንደዛ በሉት።

ሌላ ነገር፣ ነፃ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል ሰው አለ። ያስፈልጋል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለሕዝብ ማሳየትን የባለመብቱ ነው ይላል፣ ስላልተከፈለበት አይቀርም። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ቢኖርም ደውሉ፣ ጠይቁ። ደግሞ እኛ የምንጠይቀው ፈቃድ ብቻ አይደለም፣ ሰውየው ራሱ እንዲመጣ ነው፣ ካልመጣ አናሳይም።

ስለ ስክሪኑ። ድራፍት ቤቱ ውስጥ አራት ቲቪ አለ፣ በየግድግዳው። መጀመሪያ በነሱ ነው ያሳየነው፣ ሁሉም የራሱን ቲቪ ሲያይ ቤቱ አራት ቦታ ተከፈለ፣ አንዱ ጥግ ሲስቅ ሌላው ጥግ ያወራል። ከዛ መርካቶ ሄጄ አቡጀዲ ገዛሁ፣ ሁለት ቁራጭ አሰፍቼ፣ ከላይ እንጨት ከታች እንጨት፣ እና ፕሮጀክተር ተዋስን። አንድ ጨርቅ ብቻ ሲሆን ሁሉም ሰው ወንበሩን ያዞራል፣ ወንበር ማዞሩ ራሱ ሰውን ዝም ያሰኘዋል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን ሁሌ አየዋለሁ። ድምፁ ደግሞ ከምስሉ በላይ አስቸጋሪ ነው። የመጠጥ ቤት ስፒከር ለሙዚቃ ነው የተገዛው፣ ቤዙ ይመታል፣ ንግግር ይውጣል፣ በአማርኛ የተሰራ ፊልም እያዩ ሰው ምን አለ ምን አለ ሲባባል ትሰማላችሁ። ቤዙን ዝቅ አድርጉት፣ ስፒከሩን ከጣሪያ አውርዳችሁ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ከጨርቁ አጠገብ አድርጉት፣ ይሄን ብቻ ብታደርጉ ግማሹ ችግር ያልቃል።

መብራት ይጠፋል፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰኞ አንድ አጭር ልቦለድ ፊልም እያየን፣ ልክ ልጅቷ በሩን ልትከፍት ስትል ጠፋ። ቤቱ ጄኔሬተር የለውም። ሰው ሊነሳ ሲል ዳይሬክተሩ ተነሳና ሻማ ይዞ "በሩን ብትከፍተው ማን ያለ ይመስላችኋል?" ብሎ ጠየቀ። እና ወዳጆቼ፣ ከዛ የነበረው ግማሽ ሰዓት፣ አንዱ አባቷ ነው ይላል፣ አንዷ አይ ባሏ ነው ትላለች፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ማንም የለም ብለው ድርቅ አሉ፣ ማንም ከሌለ ነው የሚያመው አሉ። መብራቱ መጣ፣ አየነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ ልጁ ግን ሽማግሌውን ሄዶ አቀፋቸው።

ሴቶች። ይሄን በደንብ ልናገረው የምፈልገው ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚመጣው ወንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ድራፍት ቤት ማታ ብቻዋን የምትገባ ሴት ላይ የሚታየውን ዓይን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ በነፃ ነው ብለህ ብትጋብዛት ያ ዓይን አይነሳም። ምን አደረግን፣ አንደኛ፣ ቡና በሩ ላይ ይፈላል፣ ረከቦቱ፣ ጭሱ፣ ሁሉም ነገር ከመንገድ ላይ ይታያል፣ ቤቱ በዛ ሰዓት ሌላ ቤት መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ አንዲት የሕንፃችን እናት አሉ፣ የእቁቡ ዳኛ ናቸው፣ እሳቸውን ለመንኳቸው፣ እሳቸው ሲመጡ ሌሎቹ ተከትለው መጡ። ሦስተኛ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ማይኩ መጀመሪያ ለሴት ነው የሚሰጠው፣ ሁሌ፣ ምክንያቱም ሦስት ወንዶች ከተናገሩ በኋላ የሚቀረው ሰዓት የለም። አስተናጋጆቹንም እንዳትረሱ። አንዲት አስተናጋጅ ትሪ ይዛ ቆማ ፊልሙን ሙሉ ስታይ አየኋትና ከዛ በኋላ ከጋሼ ጋር ተስማማን፣ ፊልም እየታየ መስተንግዶ የለም፣ እነሱም ቁጭ ብለው ያያሉ። ሽያጩ ከፊልሙ በፊትና በውይይቱ ሰዓት ነው። ውይይቱ አንድ ሰዓት ከቆየ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ እያወራ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ለዚህ ነው ጋሼ ራሳቸው ውይይቱን አታሳጥሩት የሚሉኝ። ማንም ግን እንዲያዝዝ አይገደድም። ዐቢይ ጾም ላይ ሻይ ብቻ የጠጣ ቤት ሙሉ ሰው ነበር፣ እንደዛም ሆኖ ጋሼ ቅር አላላቸውም።

ልጆች ጉዳይ ላይ ግን አልተሳካልንም። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፣ አዋጅ ወጥቶበታል፣ እኛም ባይወጣበትም አስራ አምስት ዓመት ልጅ ማታ ድራፍት ቤት ይግባ አንልም። እሁድ ጠዋት በሻይና በለስላሳ ብቻ ለነሱ እናድርግ ብለን ሞክረናል፣ ትላንትና ማታ የተጠጣው ሽታ ከቤቱ አይወጣም፣ እናቶች አልወደዱትም፣ ልክ ናቸው። የኮንዶሚኒየሙን የጋራ ሕንፃ ጠይቀን ነበር፣ ለልቅሶና ለሰርግ ተይዟል። ለዚህ መፍትሄ ያለው ሰው ካለ ዛሬ ሳይሄድ ያናግረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ውይይቱ ለምን? ፊልሙን አይቶ መሄድ አይበቃም ወይ?

እኛ እኮ ዝም ብሎ የማየት ባህል የለንም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ጆሮ ብቻ ይዞ አይገባም፣ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በመሲንቆው ይመልሰዋል፣ አንዳንዴ ከሰጠኸው የተሻለ አድርጎ፣ አንዳንዴ አንተን ራስህን ወግቶህ። ታዳሚው ግማሹን ይሰራል። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነስቶ ሥዕል የሚታይበት፣ ግጥም የሚነበብበት ቦታ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲኖር ሰው ተጋፍቶ ይገባ የነበረውም እንደዛው፣ መልስ የሚሰጥበት ቤት ስለሆነ። ሲኒማ ግን ከመጀመሪያው እንደዛ አልመጣልንም። አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ "የሰይጣን ቤት" ነበር ያለው። ገብተህ ጨለማ ውስጥ ትቀመጣለህ፣ የሚያወራህ ሰው አለ፣ መልስ የምትሰጠው ሰው ግን የለም። ብታስቡት እኮ ያስፈራል።

ይሄን ቀድመው የገባቸው አፍሪካውያን ፊልም ሰሪዎች አሉ። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ደራሲ ነበር፣ ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት እያወረደ ነው መጻፍ የጀመረው፣ በኋላ ግን እሱ ስለነሱ የሚጽፍላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንበብ እንደማይችሉ ሲያይ፣ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረና በ1963 (በፈረንጆቹ) የመጀመሪያውን አጭር ፊልሙን ስለ አንድ ባለጋሪ ሰራ። ሲኒማ የማታ ትምህርት ቤት ነው ይል ነበር። እና ፊልሙን ይዞ ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር፣ አሳይቶ ቁጭ ብሎ ከሰው ጋር ይከራከር ነበር። የኛው ኃይሌ ገሪማ ደግሞ በ1993 (እሱም በፈረንጆቹ) "ሳንኮፋ"ን ጨርሶ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ ምን አደረገ፣ ዋሽንግተን ላይ ራሱ ሲኒማ ቤት ተከራየ፣ ሰዉ ለሰው እየተነጋገረ ሞላው፣ ከዛ በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን እየተሰባሰቡ በየራሳቸው ከተማ እንዲታይ አደረጉ። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በዛው በፊልሙ ስም መጻሕፍት ቤትና ካፌ ከፈቱ፣ ቡና እየጠጣህ ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ የምትከራከርበት ማለት ነው። አከፋፋይ ስላጣ ፊልሙ አልሞተም፣ ተመልካቾቹ ናቸው ያከፋፈሉት። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ዛሬ እዚ ያላችሁት ብዙዎቻችሁ "ማን ይገዛኛል" ብላችሁ ስትጨነቁ ስለማይ ነው።

ውይይቱን እንዴት እንደምንመራው ባጭሩ ልናገር። አንድ የምከለክለው ጥያቄ አለ፣ "የፊልሙ መልዕክት ምንድነው?" የሚለው። እኛ ሀገር ፊልም ሰሪ የሚያገኘው የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ይሄ ነው፣ ልጁም ደንግጦ "መልዕክቱ ፍቅር ነው፣ አንድነት ነው" ምናምን ይላል፣ እዛው ላይ ወሬው ይሞታል። እኔ የምጠይቀው ሰዉን ነው፣ "የቱ ቦታ ላይ ዓይናችሁ ቀረ?" እላለሁ። አንዱ እጇ ላይ ይላል፣ አንዱ ድስቷ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ውሻዋ ለምን ጠፋች ይላል። ከዛ በኋላ ነው ፊልም ሰሪው የሚናገረው። አስተያየት አለኝ ብሎ አስር ደቂቃ የሚወስድ ሰው አይጠፋም፣ እናቋርጠዋለን፣ በትህትና ግን እናቋርጠዋለን።

አሁን ስለ አንድ ቀን ልንገራችሁ፣ እዚ ድረስ ያመጣኝ እሱ ቀን ነው።

አንዲት ልጅ ስለ ታክሲ ረዳት አጭር ዶክመንተሪ ሰርታ መጣች። ቆንጆ ፊልም ነው፣ ሦስት ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ፊልሙ ላይ ረዳቱ ማታ ቤቱ ገብቶ በሻማ ብርሃን አልጋው ላይ ብሩን ሲቆጥር የሚያሳይ ቦታ አለ፣ ፖስተሩም እሱ ነው። አለቀ፣ አጨበጨብን፣ ዓይናችሁ የት ቀረ ስል ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከሥራ ነው የመጣው፣ እሱም ረዳት ነው፣ ጀሞ ሜክሲኮ መስመር ላይ። "ሻማው ላይ" አለ። ከዛ ቀጠለ። "ግን እኛ ብር ቤት ወስደን አንቆጥርም። ሒሳብ የሚዘጋው ማታ እዛው ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ነው፣ የባለንብረቱ ገቢ ይወጣል፣ ነዳጁ ይወጣል፣ ከዛ የኔ ድርሻ ትሰጠኛለች፣ ቤት የምትገባው እሷ ብቻ ነች። እሷን ደግሞ ለመቁጠር ሻማ አያስፈልግም።"

ቤቱ ፀጥ አለ። ልጅቷ ማይኩን ይዛ ቆየች፣ ከዛ "እውነትህን ነው፣ አልጋው ላይ ቁጠር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ብርሃኑ አምሮኝ ነው። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም" አለች።

ሊቀጠቅጧት ይችሉ ነበር፣ ግን ማንም አልቀጠቀጣትም። አንዲት ሴት ተነስተው ታዲያ ሌላውስ አሉ፣ ከእናቱ ጋር የተጣላበት ቦታስ፣ የሱ ነው ወይስ ያንቺ? ልጅቷ አንድ በአንድ መለሰች፣ ይሄ እውነት ነው፣ ይሄ ድጋሚ እንዲያደርገው ጠይቄዋለሁ፣ ይሄን ቅደም ተከተሉን ቀይሬዋለሁ። ሰው ትክክል ነው አይደለም እየተባባለ ተከራከረ፣ አንዱ ሰው እስካልዋሸ ድረስ ማሳመር ምን ችግር አለው አለ፣ ሌላው ያሳመርሽው የሰውን ድህነት ነው አላት፣ እሷም እሱን ጻፈችው። ስለ ዶክመንተሪ ሥነ ምግባር እንደዛ ያለ ክርክር እኔ የትም ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፣ ጠረጴዛው ላይ ጃምቦ አለ፣ ሻይ አለ፣ ማንም አልጮኸም፣ ከጨረስን በኋላ ጋሼ አምፖሉን እያጠፉ እያበሩ ነው ያስወጡን።

ፌስቲቫል ላይ ያዩት ዳኞች ይሄን ሊነግሯት አይችሉም ነበር። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ፊልም ያውቃሉ፣ ግን ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ዘግተው አያውቁም።

ከሦስት ወር በኋላ ደወለችልኝ፣ ድጋሚ ኤዲት አድርጌዋለሁ፣ ሻማውን አውጥቼ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሲዘጉ ሄጄ ቀርጬአለሁ አለች። ሰኞ አሳየነው። ያ ልጅ ግን የለም፣ ተራው የሥራ ነበር። ፊልሙ እንዳለቀ ውይይቱን እንኳን ሳትጠብቅ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች፣ ፌርማታው ቅርብ ነው፣ እኔም ተከተልኳት። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሜክሲኮ ሜክሲኮ እያለ አገኘችው፣ ስልኳን አውጥታ ያንን ቦታ ብቻ ከፍታ ሰጠችው። ታክሲው እስኪሞላ ቆሞ አየው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል አይሆንም። ስልኩን አልመለሰላትም።

"ከመጀመሪያው አድርጊልኝ" አላት።